የመስቀሉ ሥጋ አይደለም

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለኸው ለታላቅ ወንድሜ ለበርናባስ ዋሲሁን፤

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም ካንተና ከቤትህ ጋር ይሁን። ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረምህ? ጤናህስ? ያ ሲያስቸግርህ የነበረው ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይነሣብሃል? ሳያትስ እንደምን አለች? ወገቧን ይሻላታል? ኦሊያድስ? ባለፈው በላካችሁት ፎቶ የፊት ጥርሱ ወልቆ አይቼ አባባን ጠርቼ ባሳያቸው፣ መነጽራቸውን አንዴ እያወለቁ አንዴ እያደረጉ ደጋግመው አዩትና «ግንባሩ የእናትሽ የወርቄ ነው» ብለው ስልኩን መለሱልኝ። ሎኬሽን በምትሉት ሰፈር ውስጥ ያለው ሱቅህስ እንዴት ነው? ዝርፊያው ጋብ ብሏል? እናንተ ካላችሁበት አገር ክፉ ወሬ በተሰማ ቁጥር አባባ ሬዲዮኑን ዘግተው ወደ ደጅ ይወጣሉ። ለአንተ ፈርተው እንደሆነ እናውቃለን።

እኛም ደህና ነን ብዬ ልለፈው ነበር፤ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲያ ነውና። ዛሬ ግን የምጽፍልህ ደህና ስላልሆንሁ ነው። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። አንዴ መስመሩ ተቆረጠ፣ አንዴ ደንበኛ መጣብህ፣ አንዴ ደግሞ ምንም ሳይቆረጥ እኔው ስለ ሐዋሳ ሙቀት አውርቼ ዘጋሁት። የጎረቤታችን የብርሃኔ ልጅ ያቤጽ ለእረፍት መጥቶ ሰኞ ወደ ደርባን ስለሚመለስ ይህን በእጁ ሰድጄልሃለሁ። ብቻህን ስትሆን አንብበው። ቆመህ አታንብበው።

የእማዬን የመጨረሻ መስቀል፣ የ2017ቱን፣ ላስታውስህ። ለቅርጫው ብለህ የላክኸው ደርሶን አባባ ከአራት ጎረቤት ጋር ሆነው አንድ ሠንጋ ገዙ። ከሆሳዕና አክስታችን ፅጌ ከነልጆቿ መጣች፤ የእማዬም ወገኖች መጡ። እማዬ እንዴት ደስ እንዳላት! ለገባው እንግዳ ሁሉ «ልጄ በሌለበት አረደልኝ» ትል ነበር። አተካናውን ማንም አልነካባትም። ቡላውን በወተት እያማሰለች፣ ቅቤውን እያፈሰሰች፣ አይቡን እየፈረፈረች፣ እኔ ማማሰያውን ልቀበላት ስል «አንቺ ታቋጥሪዋለሽ» እያለች ብቻዋን ሠራችው። ያን ዕለት በላች። ክትፎም፣ ጥሬ ሥጋም፣ አተካናም በላች። በማግሥቱም እንዲሁ። እስከዚህ ድረስ ታውቀዋለህ፤ ፎቶውም አለህ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ እንዳለች ወደቀች። በባጃጅ አድርገን ሆስፒታል አደረስናት። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሷል አሉን። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አረፈች።

በልቅሶው ድንኳን የተባለውን ሁሉ አልነግርህም። «ቅቤው ነው» አሉ። «የበላችው ምግብ እሱ ራሱ በላት» አሉ። ሰው በሞት ፊት ምክንያት ካላገኘ አያርፍም። አንተ ወረቀትህ ስላላለቀ መምጣት አልቻልህም። በስልክ እያለቀስህ ያልኸኝ ቃል ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «እኔ የላክሁት ሥጋ ነው እናቴን የገደላት» አልህ። ስልኩ በእጄ ነበር። ድንኳን ሙሉ ሰው ነበር። «አይደለም» ማለት የሚችል ሰው ግን እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እኔም ዝም አልሁ። አንተ በኀዘን ደንዝዛ ነው ብለህ «አይዞሽ» ብለኸኝ ዘጋህ። አጽናኙ አንተ ሆንህ።

አሁን ያልነገርሁህን ልንገርህ።

እማዬ የግፊት መድኃኒት እንደምትወስድ ታውቃለህ። ጠዋት ጠዋት በውኃ የምሰጣት እኔ ነበርሁ። በዚያ ነሐሴ ሐኪሙ አንድ ክኒን ጨመረላት፤ ያ ክኒን ሽንት ያመላልሳል። ጳጉሜን ላይ «ይህን ነገር መስቀል እስኪያልፍ ልተወው፤ የሆሳዕና ሰው ሁሉ ቤቴ ሊገባ ነው፣ እኔ እንግዳ ፊት ሽንት ቤት ስመላለስ ልዋል?» አለችኝ። ተቆጣኋት። በማግሥቱም ተጨቃጨቅን፤ በሠልስቱም። በኋላ የትኛው ክኒን የትኛው እንደሆነ ተምታታባትና ሁሉንም ተወችው። እኔ አየሁ። ቢሮ ይረፍድብኛል፣ ባጃጅ ቢሮዬ እስካለበት እስከ ባህል አዳራሽ ድረስ ጠዋት አይገኝም፣ የእሷም ክርክር ሰልችቶኛል። «እሺ፤ ከመስቀል ማግሥት ግን ትጀምሪያለሽ» አልኋት። ሳቀችና ግንባሬን ሳመችኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ከሃያ ቀን በላይ አንዲት ክኒን አልዋጠችም። ለአባባ አልነገርኋቸውም። ለአንተም አልነገርሁህም። ሆስፒታል «መድኃኒቷን ትወስዳለች?» ብለው ሲጠይቁ «አዎ፣ ትወስዳለች» ብዬ የመለስሁት እኔ ነኝ። ከቀብር በኋላ ያልተነካውን ክኒን ከመሳቢያዋ አውጥቼ በወረቀት ጠቅልዬ ጣልሁት።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን በዓል ቀረ። ሰው ሁሉ ቅቤ ነው ሲል እኔም ቅቤ ነው አልሁ፤ እየዋልሁ እያደርሁም አመንሁት። አባባም ግፊት ስላለባቸው ቅቤ ከደጃፋችን እንዳያልፍ አደረግሁ። ፅጌ ከሆሳዕና የላከችውን ቅቤ ሳልፈታ ለሰው ሰጠሁት። አባባ ጎመን ያለ ዘይት፣ ድንች ያለ ጨው፣ ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል ያመጣሁት ዓሣ በውኃ ብቻ ተቀቅሎ ይቀርብላቸዋል። ዓሣ እንደማይወዱ አንተም ታውቃለህ፤ «እኔ የደጋ ሰው ነኝ፣ ከሐይቅ ጋር ምን አለኝ» ይሉ ነበር ድሮ። አሁን እንዲህ ማለቱንም ተዉት። ገናም ፋሲካም እንዲሁ አለፉ። ቀበቶአቸውን ሁለት ጊዜ ሌላ ቀዳዳ አስበሱት። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን «ሩሀማ አባቷን እንዴት ያዘች» እያሉ ያመሰግኑኛል።

እኔስ? ሰው ፊት አልበላም። በዓል ሲሆን ለሰው አቀርብና «ጠግቤአለሁ» እላለሁ። ሁሉ ከሄደ በኋላ ማጀት እገባና በሩን ዘግቼ፣ ቆሜ፣ ከድስቱ በእጄ እበላለሁ። ምን እንደምበላም አላውቅም። ቢሮ ደግሞ መሳቢያዬ ብስኩት ሞልቶታል። ቀሚሶቼ አንድ በአንድ ጠበቡኝ። በበላሁ ቁጥር እማዬን ያስከፋኋት ይመስለኛል፣ በከፋኝ ቁጥር ደግሞ እበላለሁ። ለአንተ ነው እንጂ ይህን ለማንም አልጻፍሁም።

አሁን ባለፈው መስከረም፣ በመስቀል ቀን የሆነውን ስማ። ለአባባ ጎመንና ድንች አቀረብሁላቸው። ከየግቢው የከበሮና የሳቅ ድምፅ ይመጣል። በምግቡ ላይ ጸለዩ፣ ሁለት ጉርሻ ቀመሱ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው እግሬን ላፍታታ ብለው ወጡ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩብኝ። ደንግጬ በየደጁ ስጠይቅ ፊት ለፊታችን ካሉት ከሱልጣን ቤት አገኘኋቸው። ጨርቅ ነጋዴውን ሱልጣንን ታስታውሰዋለህ፤ ሚስቱ ሙንተሃ የወራቤ ልጅ ናት፣ በቡላ የሚስተካከላት የለም። አባባ ከጓሮ ማብሰያ ቤቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጭናቸው ላይ ጎድጓዳ ሳህን፣ ውስጡ የቡላ ገንፎ በቅቤ። ሲያዩኝ ሳህኑን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ስንት መምህር ፊታቸው ሲቆም የሚንቀጠቀጥላቸው ርዕሰ መምህር፣ የሰረቀ ሕፃን መሰሉ። ያን እጃቸውን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ በቅጡ አልተኛሁም።

ሙንተሃ «አትቆጪያቸው፤ እኔ ነኝ የሠራሁላቸው። በዓመት በዓላቸው ቀን አዛውንት ቅቤ ሳይሸታቸው ሲውሉ ማየት ከበደኝ» አለችኝ። እኔ አፌን ስከፍት አባባ ቀደሙኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እናትሽ በልታ ሞተች አላችሁ። እኔን ሳልበላ ልትቀብሪኝ ነው?» አሉ።

በሳምንቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ ሐኪም ከእኔ ጋር ወግኖ ይገሥጽልኛል ብዬ ነው። ያየችን ሲስተር ሰላማዊት የምትባል በዕድሜ የገፋች ነርስ ናት። ግፊታቸውን ለካች፤ ደህና ነበር። ሚዛን ላይ አወጣቻቸውና ካርዳቸውን ገልብጣ የድሮውን ስታይ «ጋሽ ዋሲሁን፣ ማነው እንዲህ ያስራበዎት?» አለች። አባባ ስሜን አልጠሩም። እሷ ግን ፊቴን አይታ ገባት መሰለኝ፣ «አንቺም ሚዛኑ ላይ ውጪ» ብላ እኔንም መዘነችኝ። የቁጥሩን ነገር ተወው።

ከዚያ አስቀምጣ እንደ ታላቅ እህት መከረችን። ሰውን የሚያወፍረው የበዓሉ ቀን ማዕድ አይደለም፣ ድግሱ ካለፈ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ድስት እየተከፈተ የሚቀመሰው ነው አለች። የተረፈውን በዕለቱ ለሰው ስጡ። ለበዓል ብላችሁ ጦም አትዋሉ፤ ጠዋት ቁርስ የበላ ሰው ማዕድ ላይ አይወድቅም። ጎመኑን አስቀድሙ፣ ሥጋውን በትንሽ ሳህን አንዴ ብቻ አንሡ፣ ቅቤው ይቅመስ እንጂ አይፍሰስ፣ ጨውና ለስላሳ ይቀንሱ። «በሞቴ» እያላችሁ በሰው አፍ አታስገቡ። ከበላችሁ በኋላ ከመጋደም ሐይቁ ዳር ድረስ ወርዳችሁ ተመለሱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መድኃኒቱ በዓል አያውቅም፤ በዓል ነው ብላችሁ አንድ ቀን እንዳትዘሉት አለች። ወደ እኔ ዞራ «ተደብቀው የበሉት አያጠግብም፤ ተቀምጠሽ፣ ከሰው ጋር፣ እያጣጣምሽ ብዪ» አለችኝ። ማን ነገራት? አላውቅም።

እኔ ለመከራከር የእማዬን ሞት አነሣሁ። ሲስተር «መድኃኒቷን በደንብ ትወስድ ነበር?» ብላ ጠየቀች። አባባ ከእኔ ቀድመው፣ ቀና ብለው፣ «ይህች ልጄ ናት የምትሰጣት፤ አንድ ቀን አላጓደለችባትም» አሉ። በኩራት ነው ያሉት፣ ወንድም ጋሼ። በዚያች ደቂቃ መሬት ብትከፈት እገባባት ነበር።

አባባን ደጅ አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ብቻዬን ተመለስሁና «ሦስት ሳምንት ብታቆምስ?» ብዬ ጠየቅኋት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በእርግጠኝነት ይህ ነው ብሎ የሚነግርሽ የለም። ግን የአንድ ሁለት ቀን ሥጋና ሦስት ሳምንት የተቋረጠ መድኃኒት እኩል አይደሉም። መድኃኒቱን ማቋረጡ ሌላ ነገር ነው» አለችኝ። ከዚያ «ያወቅሽውን ለብቻሽ አትያዢው» አለችኝ።

ወደ ሰፈራችን ወደ ታቦር ስንመለስ ባጃጅ ልጥራ ብላቸው አባባ «ይራመዱ ተብዬ የለ» ብለው እምቢ አሉ። ዳገቱ መሐል ላይ ነገርኋቸው። ቆሙ። የሰው አጥር በእጃቸው ያዙ። «መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ። «ከመጀመሪያው» አልሁ። «በርናባስ ያውቃል?» አሉኝ። «አያውቅም» አልሁ። ቀስ ብለው እጃቸውን ከአጥሩ አነሡና ቀድመውኝ ሄዱ። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ።

ዘጠኝ ቀን አላነጋገሩኝም። ሻያቸውን ራሳቸው ያፈሉ ነበር። የማቀርበውን ይበላሉ፣ ሳህኑን ራሳቸው ያጥባሉ። በአሥረኛው ቀን ከቢሮ ስመለስ በረንዳው ላይ ጠበቁኝ። «እኔ ሚስቴን ነው ያጣሁት። እሱ ግን እናቴን ገደልሁ ብሎ ነው የሚኖረው። ጻፊለት። እኔ አልጽፍለትም፤ ያንቺ ነው» አሉኝና ገቡ። ይህ በጥቅምት መጀመሪያ ነበር። ዛሬ ጥር ነው። ይህን ያህል ጊዜ የዘገየሁት እኔ ነኝ፤ ለዚህም ምክንያት የለኝም።

የገና ዕለት ሳያት ደወለችልኝ። አትቆጣት፣ ስለ አንተ ስትጨነቅ ነው። እዚያ ያሉት የሆሳዕና ልጆች ተሰብስበው ሲያርዱ አንተ አትሄድም አለችኝ። መስቀልም፣ ገናም፣ ፋሲካም ሱቅህን ከፍተህ ዳቦና ሻይ ይዘህ ትውላለህ አለችኝ። ኦሊያድ «አባቴን ሥጋ ያመዋል እንዴ?» ብሎ ጠየቃት አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወረቀት ፈለግሁ።

የዚያን ዕለት ምሳ ሲስተር እንዳለችን ነው ያደረግነው። ጠዋት ቂንጬ በላን፣ አባባ ክኒናቸውን ዋጡ። ጎመን፣ አይብ፣ ለብለብ የተደረገ ጥቂት ክትፎ አቀረብሁ። ለሱልጣንና ለሙንተሃ ብዬ አተካና ሠራሁ፤ ቅቤውን ቀነስሁት። አባባ ትንሿን ሳህን ይዘው ቀስ ብለው በሉ። አተካናውን ቀምሰው «ቡላው ቋጥሯል» አሉ። ማንም አልሳቀም፤ ሁላችንም ማን ሳታቋጥር ትሠራው እንደነበር እናውቃለን። እኔ እንደ ልማዴ ሳህኔን ይዤ ወደ ማጀት ስነሣ «የት ነው? እዚህ ተቀመጪና ብዪ» አሉኝ። ከዳገቱ ወዲህ በስሜ ባይጠሩኝም ተቀመጪ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። ተቀመጥሁ። በላሁም። የተረፈውን ደጃፍ ላለው ሰው አከፋፈልን። አመሻሽ ላይ እስከ ሐይቁ ዳር ወርደን ተመለስን። ደስታ ነበር ብዬ አልዋሽህም። ግን ማንም አልተደበቀም። በሳምንቱ ስንመዘንም አባባ ጥቂት ሞላ ብለዋል፣ እኔ አልጨመርሁም።

ወንድም ጋሼ፣ የላክኸው ሥጋ እናትህን አልገደላትም። ያ መስቀል በሕይወቷ ካየቻቸው መስቀሎች ሁሉ ይልቅ የኮራችበት ነው። ጥፋቱን እኔ ልሸከመው ሲገባኝ አንተ ላይ ጥዬው ዓመት ከመንፈቅ ልሞላ ነው። ይቅርታ ለማለት ሦስት ወረቀት ቀደድሁ፤ ቃሉ ከነገሩ እያነሰብኝ። ብትቆጣኝ ልክ ነህ። ብትደውልና እኔን ማነጋገር ባትፈልግ ስልኩን ለአባባ እሰጣቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። የመጪው ፋሲካ ዕለት ሱቅህን ዝጋና ከኦሊያድ ጋር ተቀምጠህ ብላ። ልጁ በዓል ማለት አባት የሚጠፋበት ቀን እንዳይመስለው።

ለሳያት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በርበሬውንና ኮሰረቱን ያቤጽ ይሰጣታል። ኦሊያድን በወለቀው ጥርሱ በኩል ሳምልኝ። አክስቴ ፅጌ «ልጄ ድምፁን ያሰማኝ» ብላሃለች። ሱልጣንና ሙንተሃ ሰላም ብለውሃል፤ ብርሃኔም ልጄን አደራ ብላሃለች። ይህን ጽፌ ስጨርስ አባባ መጥተው ወረቀቱን ጠየቁኝ። ሙሉውን አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶ ተቀበሉኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው እጅ ነው።

እኅትህ ሩሀማ ዋሲሁን

ልጄ በርናባስ፣ አልጽፍም ብዬ ነበር። እናትህ ያን ዕለት ስትበላ አጠገቧ ነበርሁ። የመጨረሻውን ጉርሻ «ይህ የልጄ ነው» ብላ ነው የበላችው። አንተም ብላ። እኅትህንም አነጋግራት። አባትህ።

ሐዋሳ፣ ታቦር
ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.